ይጣል የተባለው ኬክ

አፀደ ምግብ መጣል አይሆንላትም። ስቶቭነር በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቿ ይህን እያነሱ ይስቁባታል። የደረቀ ዳቦ ፈርፍራ ለወፍ ትበትናለች፤ የተረፈ ሩዝ ሾርባ ውስጥ ትጨምራለች፤ ቀኑ ያለፈበትን እርጎ አሽትታ፣ ቀምሳ፣ እንደገና አሽትታ "ምን ሆነና ነው?" ብላ ትጠጣዋለች። ኖርዌጂያኖች ማሸጊያው ላይ የሚያትሙት ቀን ለእሷ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። ችግር አሳድጓት ነው እንዳይባል አባቷ ነቀምት ላይ ደህና ነጋዴ ነበር። እህል መርገጥ ነውር በሆነበት ቤት ስላደገች ነው፤ ያ ነገር ከሰው ቶሎ አይለቅም።

በሌላው ነገር ሁሉ ግን አፀደን የመሰለ ሕግ አክባሪ ኦስሎ ውስጥ አልነበረም። ባቡር ያለ ትኬት ተሳፍራ አታውቅም። መንገድ በቀይ መብራት አታቋርጥም፤ በረዶ እየወረደ፣ መኪና የሚባል ሳይታይ፣ ቆማ ትጠብቃለች። ምክንያት ነበራት። ልጇ መቅዲ አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ቀርታለች። ስትለያት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን አሥራ ሦስት ሞልቷታል። ልጅ ለማምጣት ቋሚና ሙሉ የሥራ ቦታ ያስፈልጋል ተብላ አምስት ዓመት ስትለፋ ከርማ፣ ያለፈው መስከረም ላይ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የቤት ለቤት ረዳት አድርጎ ቀጠራት። ማመልከቻው ገብቷል። መልሱ ለፋሲካ ይደርሳል ተብሏል። አሁን ወሩ የካቲት ነው፤ በፈረንጆች 1996። አፀደ እስከ ፋሲካ ድረስ ትንፋሿን ውጣ የምትኖር ነበር የምትመስለው።

የምትሠራው ላምበርትሴተር የሚባል ሌላ ሰፈር ነው፤ የታመሙና ያረጁ ሰዎች ቤት እየዞረች ታጸዳለች፣ ታጥባለች። ዓርብ ዓርብ ራግንሂል እና ኦድ የሚባሉ ባልና ሚስት ቤት ትገባለች። ኦድ ነርቭ የሚያደክም በሽታ አለበት፤ ዘጠኝ ዓመት ከተሽከርካሪ ወንበር አልወረደም፤ እግሮቹን ቁርጠት ሲይዛቸው ጩኸቱ ደረጃው ላይ ይሰማል። ራግንሂል ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ሽበቷን እንደ ኮረዳ ጎንጉና የምትለቅ ሴት ናት።

በዚያ ዓርብ ኦድን ሳንባው ታምሞ ሆስፒታል አስተኝተውት ነበር። ራግንሂል ልብሱን በቦርሳ ይዛ ስትወጣ ታክሲው ከበር ቆሟል። አንድ እጇን ኮቱ ውስጥ ከትታ ሌላውን እጅጌ እየፈለገች፣ "ሰኞ ከኮሙኑ ነርስ መጥታ ቤቱን ታያለች" አለች። "ፍሪዘሩን አጽጂልኝ። አረንጓዴው ቆርቆሮ ውስጥ ኬክ አለ፤ ጣዪው። አሮጌ ነው።" ሄደች።

አፀደ ቆርቆሮውን ከፈተችው። በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ጥቁር የቸኮሌት ኬክ፣ ሃያ አራት ቁራጭ፣ በወረቀት ተለያይቶ ተደርድሯል። አሸተተችው። ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የደረቀ ቅጠል የመሰለ ነገር አለው። የሻገተ ነገር የለም። ከደንበኛ ቤት መርፌ እንኳ ይዞ መውጣት እንደማይፈቀድ የፈረመችበት ወረቀት አለ፤ ታውቃለች። ግን ወደ ቆሻሻ የተላከ ነገር የማን ነው? ቅቤና እንቁላል የገባበትን ምግብ እንዴት አድርጋ ትድፋው? በማግስቱ ደግሞ በምትካፈልበት የጴንጤ ጉባኤ ጾም ጸሎት አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰ ሰው ይሰበሰባል። ቆርቆሮውን በከረጢት አድርጋ ይዛው ወጣች። ሞኝ።

ቅዳሜ ስቶቭነር ውስጥ ከኖርዌጂያን ጉባኤ በተከራዩት ምድር ቤት አዳራሽ አሥራ ስምንት ሰው ሲጸልይ ዋለ። በዘጠኝ ሰዓት ሻይና ዳቦ ቀረበ፤ አፀደ ቆርቆሮዋን ከፈተች። ሴቶቹ ባዶ ሆድ ላይ እንዳይከብድ እያሉ አንዱን ቁራጭ ለሁለት ይቆርጡት ጀመር። ኬኩን ያልነኩት ጋሽ ተክሉ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ተክሉ የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው አራት ዓመት ታስረዋል። ስለዚያ እስር አንድም ቀን አውርተው አያውቁም፤ በር ሲዘጋ ግን ዞር ብለው ያያሉ።

"ጣፋጭ አልወድም ልጄ" አሏት።

"በሞቴ ጋሼ።"

"ተይ አፀደ።"

"አፈር ስሆን። ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆድ ነዎት።"

አንድ ሙሉ ቁራጭ አጎረሰቻቸው። አንድ ብቻ አጉርሶ መተው የለም ብላ ደገመችላቸው። እሷ ራሷ ስታስተናግድ ጣቷ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ከመላስ በቀር አልበላችም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እህት ጌጤ መዝሙር መሃል ሳቀች። ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ሳቀች። አንዱ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠና እጁን ከፊቱ አድርጎ ያየው ገባ። የጉባኤው መሪ ወንድም ታደገ ከአንዲት ቁንጣሪ በላይ አልቀመሰም ነበርና፣ ሰው ሁሉ ምን እንደነካው ግራ ገብቶት "ጾሙ ነው፤ ውሃ ጠጡ" ይላል። ሁለት ሦስቱ ወንበር ገጥመው ተኙ።

ጋሽ ተክሉ ግን ቆመዋል። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው በሩን ያያሉ።

"ማን ነው የቆለፈው?" አሉ።

በሩ አልተቆለፈም። ታደገ ከፍቶ ዘጋላቸው። መዝጋቱ አባባሰው። ላብ አጠመቃቸው፤ ከንፈራቸው ደረቀ፤ ማንንም የማያውቁ ሆኑ። ያኔ ወንድሞች የሚያውቁትን አደረጉ። ከበቧቸው፤ እጃቸውን ጫኑባቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ልቀቅ፣ በኢየሱስ ስም ልቀቅ" እያሉ ጸለዩ። አምስት ወንድ ክብ ሠርቶ አንድ ሽማግሌ ላይ ይጮሃል። ጋሽ ተክሉ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ራሳቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። "አልናገርም" አሉ፤ "አልናገርም፣ አልናገርም።"

ሽማግሌው በልባቸው ያሉት ስቶቭነር ሳይሆን የድሮው እስር ቤት እንደሆነ መጀመሪያ የገባት አፀደ ናት። ከምን እንደመጣም በዚያው ቅጽበት ጠረጠረች። ወጥ ቤት ገብታ ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ ራግንሂል ቤት ደወለች። እግዜር ይመስገን አነሳችው።

"ኬኩ መርዝ አለው?"

"የቱ ኬክ?"

"አረንጓዴው ቆርቆሮ።"

"በላሽው?"

"አዳራሽ ሙሉ ሰው በላው።"

"አፀደ፣ ሐሺሽ አለበት። ለኦድ ነው የምጋግረው። ለእግሩ። ነርሷ እንዳታየው ብዬ ነው።" ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። "ይተኛሉ፤ ነገ ይለቃቸዋል። እባክሽ ለማንም አትናገሪ። እኔን ከወሰዱኝ ኦድን ማን ያነሳዋል?"

ሐሺሽ። አፀደ ባደገችበት ቤት ይህ ቃል የሚነሳው ጎዳና ላይ ራቁቱን ስለሚሄድ ሰው ሲወራ ነበር። ያንን በጣቷ፣ በሞቴ ብላ፣ ለአንድ ሽማግሌ አጎረሰችው። ከወጥ ቤት ስትወጣ ታደገ ላይኛው ፎቅ ካለው ስልክ አምቡላንስ ጠርቶ ነበር።

ሌሎቹን አዳራሹ ውስጥ እንደተኙ ትተው፣ ሌገቫክት ወደሚባለው ድንገተኛ ሕክምና ታደገና እሷ ተከትለው ገቡ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፈጣን፣ የደከማት። የጋሽ ተክሉ የደም ግፊት ወጥቷል፤ ልባቸው ይሮጣል። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትጠጋ እጇን መትተው ጥግ ያዙ።

"ዛሬ የወሰዱት ነገር አለ?" አለች ሐኪሟ። "መድኃኒት? መጠጥ? ሌላ ነገር?"

"ኔይ፣ ምንም" አለ ታደገ በኩራት። "አይጠጡም፣ አያጨሱም። የእግዚአብሔር ሰው ናቸው።"

ሐኪሟ አፀደን አየቻት። አፀደ መሬቱን አየች። አሁን ብትናገር ከየት አመጣሽው ይሏታል። ከደንበኛ ቤት አወጣሁት ብትል ሥራዋ አለቀለት። ሥራው ካለቀ ማመልከቻው ወደቀ። ፖሊስ ከገባበት ደግሞ መቅዲ ኦስሎን በሕልሟም አታያትም። ዝም ብትል ምን ይሆናል? ነገ ይለቃቸዋል ብላለች ራግንሂል። አንድ ሌሊት ነው። ሰው አንድ ሌሊት ይችላል። እንዲህ እያለች ራሷን ታባብል ነበር፤ ማንም ቢሆን የሚለውን ነው ያለችው።

"እንግዲያው የአእምሮ ሕመም ነው ብዬ ነው የማስበው" አለች ሐኪሟ። "ማረጋጊያ ወግተን ዝግ ክፍል እናስገባቸዋለን። ይቆለፋል፤ ግን ለደህንነታቸው ነው።" ስልክ አንስታ ተናገረች።

ሁለት ጠንካራ ወንዶች መጡ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንደኛው እንዲያውም ፈገግ ብሎ ሰላም አላቸው። በእጁ ግን ሰፊ ማሰሪያ ቀበቶ ይዟል። ጋሽ ተክሉ ቀበቶውን አዩት። መጮህ አቆሙ። ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ማንም ሳያዛቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ አንዱን አንጓ ባንዱ ላይ አቆላልፈው፣ ለመታሰር ቆመው ጠበቁ።

አፀደ ይህን አልቻለችም።

"ሐሺሽ በልተዋል" አለች በኖርዌጂያንኛ። "ኬክ ውስጥ ነበር። አያውቁም። እኔ ነኝ ያጎረስኳቸው።"

ታደገ ዞሮ አያት። ሐኪሟ እጇን አንስታ ሰዎቹን አስቆመች። "ስንት ሰዓት? ምን ያህል? ከየት?"

"በዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ቁራጭ። ከምሠራበት ቤት ይጣል የተባለውን አወጣሁት። የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም።"

"እኔ ሐኪም ነኝ፤ ፖሊስ አይደለሁም" አለች ሐኪሟ። ሰዎቹን አስወጣቻቸው፤ ቀበቶውም አብሮ ሄደ። መብራቱን ቀነሰች፤ በሩን እስከ ጥግ አስከፈተች። "እጃቸውን ያዢ። በቋንቋቸው አውሪያቸው።"

"ጋሼ፣ ኦስሎ ነን" አለቻቸው አፀደ።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"ቁልፍ የለም ጋሼ። በሩ ክፍት ነው። ይዩት።"

ያንኑ ጥያቄ ሰባት ስምንት ጊዜ ጠየቋት፤ ያንኑ መልስ ሰጠቻቸው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በማግስቱ ጠዋት ነቅተው ቁርስ ጠየቁ።

እሑድ ከሰዓት ላምበርትሴተር ሄደች። ራግንሂል ፖሊስ የመጣ መስሏት የበሩን ሰንሰለት ሳትፈታ በቀዳዳው አየቻት። አስገባቻት፤ የምታቀርበው ነገር ጠፍቷት ውሃ ሰጠቻት። ከመሳቢያ አሮጌ የወጥ ቤት ደብተር አወጣች። አያቷ ድራመን ውስጥ ፋርማሲስት ነበሩ፤ የዚያን ቅጠል ጠብታ በጠርሙስ አድርገው ለሴቶች ቁርጠት እንደ ማንኛውም መድኃኒት ይሸጡት ነበር፤ ማንም ሐሺሽ አላለውም። በኋላ ተከለከለ። ራግንሂል ወጣት ሳለች የእሷ እኩዮች ከቤተ መንግሥቱ መናፈሻ ተቀምጠው ያጨሱት ነበር፤ ፖሊስ ያባርራቸዋል። እሷን ግን ጭሱ ያስላት ነበር። ኮፐንሃገን ሄዳ አንዲት ልጅ ኬክ ውስጥ እንደሚገባ አሳየቻት፤ ደብተሩ ላይ ያ ገጽ 1972 የሚል ቀን አለበት። ሞሮኮ ደግሞ አሮጊቶች በማርና በለውዝ አድርገው ለሠርግ ሲያዘጋጁት አየች፤ እዚያ ከጥንት የነበረ ነገር ነው። ልጅነት አለፈ፤ ገጹ ሃያ ዓመት ሳይገለጥ ቀረ። በዚህ መሃል ኦድ ታመመ። ማገገሚያ ቤት ያገኘችው አንድ በሽተኛ በጆሮዋ ነገራት፤ ጋገረችለት፤ እግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛለት።

"እኛ ስንስቅበት የነበረው ነገር ነው" አለች ራግንሂል። "አሁን የምጋግረው እያለቀስኩ ነው።"

አፀደ ታዝንላት ወይስ ትናደድባት አልታወቃትም። ሁለቱንም አደረገች። ስሟን እንዳልጠራች፣ ወደፊትም እንደማትጠራ ነግራት ወጣች።

በዚያው ምሽት ጉባኤው ፊት ቆማ ምን እንዳበላቻቸው ተናገረች፤ የበሉትን የማወቅ መብት አላቸው ብላ። ጋሽ ተክሉ ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት። ሌሎቹ ግን ሁሉም እንደሳቸው አልነበሩም፤ ወሬው ረቡዕ የአለቃዋ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

"ከደንበኛ ቤት ነገር ወስደሻል?"

"አዎ።"

"ከማን ቤት?"

አለቃዋ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ ሁለት ጊዜ "አልናገርም" አለች። ሰው ቤት መግባት ተከለከለች፤ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ግማሽ ቀን ተሰጣት። ግማሽ ቀን ልጅ አያስመጣም። ማመልከቻው ሙሉ ሥራ እስክታገኝ ይቆያል የሚል ደብዳቤ ፋሲካ ሳይደርስ መጣ።

ደብዳቤው በመጣበት ሳምንት ቅዳሜ ከራሷ ክፍል ወደ እህቷ ቤት ደወለች። መቅዲ መጀመሪያው ጥሪ ላይ አነሳችው። አፀደ ልትዋሽ አስባ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ አዘገየው ልትል። የልጇን ድምፅ ስትሰማ ግን ሁሉንም፣ ኬኩን፣ ጋሽ ተክሉን፣ ቀበቶውን፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ማድረጋቸውን ሳይቀር ነገረቻት። መቅዲ ሳታቋርጣት አዳመጠች።

"ሰውየው ዳኑ?" አለች።

"ዳኑ የኔ እናት።"

"አልታሰሩም?"

"አልታሰሩም።"

"እኔስ?" አለች መቅዲ።

"ሰኞ ሌላ ግማሽ ቀን እጠይቃለሁ" አለች አፀደ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፤ ልጇም አልዘጋችም።