ያልሰረዝነው ዘጠኝ ነጥብ ሁለት

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ጅማ ውስጥ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። በባሕርዬ ሥርዓት አክባሪ ነኝ፤ መምህር ቁም ካለኝ የምቆም፣ ተቀመጥ ካለኝ የምቀመጥ። በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመምህሬ «እምቢ» አልኩ። እምቢ ብለን የተሟገትንለት ቁጥር ደግሞ ስህተት ነበር። ምናልባትም የማልረሳው ለዚህ ይሆናል።

ነገሩ የፊዚክስ የተግባር ፈተና ነው። ተማሪው በክር የተንጠለጠለ ኳስ ያወዛውዛል፤ የክሩን ርዝመትና ኳሱ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካል፤ ከዚያ ምድር ዕቃን ወደ ራሷ የምትስብበትን መጠን ያሰላል። መልሱ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት።

በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራው ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ይከርማል። ዕቃ ከተሰበረ ፈርሞ የተረከበው መምህር ይጠየቅበታልና ማንም እንዲነካው አይፈቀድም። ስለዚህ ከታላላቆቻችን የወረስነው አንድ ዘዴ አለ፤ «ከኋላ መሥራት» ይባላል። ተማሪው ከመልሱ ይነሣል። ዘጠኝ ነጥብ ስምንትን ይዞ ወደ ኋላ እያሰላ ሰንጠረዡን በሚያማምሩ ቁጥሮች ይሞላል። ኳሱን የሚያወዛውዘው መምህሩ እንዲያየው ብቻ ነው።

አብረን የምናጠናው ሦስት ነበርን። ሰሚራ፣ ሄርማታ ገበያው አጠገብ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላቸው የአባ ቢያ ልጅ ናት። ሌሊሳ ከደዶ ወረዳ መጥቶ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ዐሥራ አንደኛን እየደገመ ስለነበር ዳግመኛ ከወደቀ ከመደበኛው ትምህርት ይሰናበታል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ከኋላ እንዳንሠራ የወሰነችው ሰሚራ ናት።

«ለክር ብዬ ልዋሽ? ወላሂ አላደርገውም» አለች። ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

እሑድ አባ ቢያ ሱቃቸውን ለቀቁልን። «የሰው ልብስ እንዳታቆሽሹ እንጂ ጣራውም የእናንተ ነው» አሉን። ሌሊሳ ወንበር ላይ ወጥቶ የጂንስ መስፊያ ክር ከጣራው እንጨት ላይ አሰረ። ከታች ከጎረቤቱ ባጃጅ ጠጋኝ የለመንነውን አንድ የብሎን ዳዶ አንጠለጠልን።

ርዝመቱን የለካችው ሰሚራ ናት፤ በአባቷ ሜትር፣ በአባቷ አለካክ። ልብስ ሰፊ የሚለካው ከስፌት እስከ ስፌት ነው። እሷም ከላይኛው ቋጠሮ እስከ ታችኛው ቋጠሮ ሜትሩን ወጥራ ለካች፤ ለእኔና ለሌሊሳም እንዲሁ አስተማረችን። ማናችንም አልተጠራጠርንም።

ሌሊሳ ይቆጥራል፣ እኔ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ። የመጀመሪያው ስሌት ዐሥር ነጥብ ስምንት ወጣ።

«ደዶ ላይ መሬቱ እንዲህ ይስባል እንዴ?» አለች ሰሚራ።

«አንቺን ስለማይስብሽ ነው እንዲህ የምትበሪው» አላት ሌሊሳ።

እንደገና ሲቆጥር በጥሞና አዳመጥኩት። ዳዶውን ገና ሲለቀው በኦሮምኛ «ቶኮ» ብሎ ይጀምራል። ምንም ሳይወዛወዝ አንድ ተባለ ማለት ነው።

«ሌሊሳ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ስትለቀው ገና ዜሮ ነው» አልኩት።

«ቶሌ፣ እሺ ክቡር ሚኒስትር!» አለኝ። እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ፤ አነጋገሬ መግለጫ ይመስላቸዋል።

ከዜሮ ሲጀምር ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ወጣ። ሰሚራ አጨበጨበች፤ አባ ቢያም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ በኋላ ቦታ እየተቀያየርን፣ አንዱ ሌላውን እያረመ ደጋገምነው። ከሱቁ ስንወጣ አለመዋሸታችን ብቻ ሳይሆን ማወቃችንም ያኮራን ነበር።

ማክሰኞ ፈተናው ደረሰ። አንድ በአንድ እየተጠራን ገባን። ክሩ የተሰቀለበት የብረት ማቆሚያ አጭር ነው፤ ክሩም እንዲሁ አጭር፤ ኳሱ ግን ትልቅ ሎሚ ያክላል። እንደተማርኩት ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ለካሁ፤ ከዜሮ ቆጠርኩ፤ አሰላሁ። ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ደገምኩት። አሁንም ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።

እርሳሱ በእጄ ነው። ሁለቱን ወደ ስምንት መለወጥ ትንፋሽ የማይፈጅ ሥራ ነበር። ጓደኞቼ ምን እንደጻፉ አላውቅም። እጄ ጥቂት ዘገየ፤ ከዚያ ያገኘሁትን ጽፌ ወጣሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መምህራችን ሦስታችንን ቤተ ሙከራው በር ላይ አስጠሩን። ወረቀቶቻችንን ይዘዋል።

«ክፍሉ በሙሉ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አግኝቷል» አሉ። «እናንተ ብቻ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። አንድ ዓይነት ስህተት ሦስት ወረቀት ላይ! ይሄ ምን ይባላል?»

«ቲቸር፣ አብረን ስላጠናን ነው» አለች ሰሚራ።

«ኩረጃ ነው የሚባለው።»

ኩረጃ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን፤ የዓመቱ የፊዚክስ ውጤት ዜሮ ይሆናል። መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሙኝ፤ እናንተ ሁለታችሁ ቁጥሩን ከእሷ ቀድታችሁ መግባታችሁን ካመናችሁ ግማሹን እሰጣችኋለሁ። ሌሊሳ፣ በተለይ አንተ አስብበት።»

ሰሚራ ወደ ሌሊሳ ዘንበል ብላ በኦሮምኛ «እመንለት በቃ፤ አንተ ሌላ ዓመት የለህም» አለችው። ሌሊሳ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሊቀበል ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቢቀበልም የምወቅስበት አንደበት አልነበረኝም።

«ቲቸር» አለ በመጨረሻ፣ «አምና ወድቄያለሁ። የወደቅኩት ግን በራሴ ነው። ዘንድሮም ከወደቅኩ በራሴ ልውደቅ፤ እሷን ጥዬ አላልፍም።»

ይህን ስሰማ እኔም ተናገርኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቲቸር። ሦስት ልጆች አንድ ቁጥር ስለጻፍን ኮራጅ ከተባልን፣ የቀረው ክፍል በሙሉ አንድ ቁጥር ሲጽፍ ምን ተባለ?»

«የእነሱ ትክክል ነዋ!»

«ከእነሱ ውስጥ የለካው ማን ነው?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «አፍህን ሰብስብ! ዕቃው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ነገሩ አልቋል። ሂዱ።»

«እምቢ፣ አንሄድም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ኮረጅን ብለንም አናምንም። ዕቃው ይውጣና እዚሁ ፊትዎ እንሥራው። ሌላ ቁጥር ከወጣ የፈለጉትን ይስጡን።»

ትተውን ወደ ቢሯቸው ሄዱ። እኛም ከበሩ አልተነቃነቅንም። የጅማ ሰኔ እንደሚታወቀው ነው፤ ዝናቡ በረንዳው ድረስ እየገባ ጀርባችንን አራሰው። ሌሎች ተማሪዎች በመስኮት እየተጠቋቆሙ ያዩን ነበር።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ዛሬ አመፅክ» አለችኝ ሰሚራ።

«እባክሽ አታናግሪኝ፤ ከተናገርኩ አለቅሳለሁ» አልኳት። ሌሊሳ ሳቁ አመለጠው፤ እኛንም አሳቀን።

መምህሩ ሲመለሱ እዚያው እንደቆምን አገኙን። ቁልፋቸውን አውጥተው በሩን ከፈቱ።

ሰሚራ ለካች። ሌሊሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዜሮ!» ብሎ ኳሱን ለቀቀው። እኔ ሰዓቱን ያዝኩ። ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። መምህሩ ሰዓቱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ደገሙት፤ ያው ሆነ። ግንባራቸውን ቋጥረው ወደ ኳሱ ቀረቡ።

«ክሩን የለካሽው ከየት እስከ የት ነው?»

«ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ» አለች ሰሚራ በጣቷ እያሳየች። «አባቴ እንደሚለካው።»

«ይሄ ሱሪ ነው እንዴ? እስከ ኳሱ መሀል ነው የሚለካው እንጂ!»

«ማን ነግሮን፣ ቲቸር?» አለች። «ይሄ በር መቼ ተከፍቶልን ያውቃል?»

መምህሩ ማስመሪያውን አንሥተው እስከ ኳሱ መሀል ለኩና አሰሉ። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። እሑድ ስህተታችን ለምን እንዳልተጋለጠ ያኔ ገባኝ። ከጣራ የወረደ ረጅም ክር ላይ የአንዲት ዳዶ ግማሽ ከቁጥር አይገባም፤ አጭር ክር ላይ ግን የትልቅ ኳስ ግማሽ መልሱን ያዛባል።

መምህሩ ስለ አለካካችን ነጥብ ቀነሱብን፤ ዜሮው ግን ቀረልን። ይቅርታ አልጠየቁንም። ሌሊሳ አለፈ፤ ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አብሮን ይማራል። ከኋላ የሠራው ክፍል ሙሉ ነጥቡን እንደያዘ ቀረ፤ ይባስ ብሎም «ሁላችንንም ልታስበሉን ነበር» ብሎ አኩርፎን ሰነበተ። ቤተ ሙከራው ዘንድሮም ተቆልፏል።

ታሪኩን የሰሙ ሰዎች፣ ያኔ ስምንትን ብትጽፉ ኖሮ ዝናቡም ጭቅጭቁም ይቀርላችሁ ነበር ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ለአንድ ቀንም ተጸጽቼ አላውቅም። ስህተቴ የራሴ ነበር፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩም ዓይኔ እያየ ተማርኩት። ሙሉ ነጥብ ካገኙት መካከል ክሩ እስከ የት እንደሚለካ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ዛሬም ያ ኳስ ፊቴ ቢንጠለጠል የምጽፈው የለካሁትን ነው፤ ቢበዛ ሊቀነስብኝ የሚችለው ነጥብ ነው።