ስፒሏና የመጨረሻው የምዝገባ ቀን

በመንጃ ፈቃድ ቢሮአችን ሁለተኛው መስኮት ላይ የምትቀመጠውን ሴት «ስፒሏ» ያልናት እኛው ነን። እሷም ስሙን ጠልታው አታውቅም። ሁለት ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ ካየች ሳታያይዝ አታልፍም። ማመልከቻውን ከፎቶው፣ ፎቶውን ከደረሰኙ፣ ደረሰኙን ከሐኪም ማስረጃው ጋር በስቴፕለሯ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ! ያውም በአንድ ስፒል አትረካም። ብትችል ባሏንም ማታ እንዳይወጣባት ከሶፋው ጋር ትመታው ነበር እያልን እንስቅባታለን። «ሳቁ፤ ከኔ መስኮት ወረቀት ጠፍቶ ያውቃል?» ትላለች። አያውቅም። እኔ ጎረቤቷ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ነኝ፤ ከኔ ስንቱን ውኃ በልቶታል። ስለዚህ ኩራቷ አንዳንዴ ያበሽቀኛል።

ሌላም አመል አላት፤ ወረፋ አታስዘልልም። የአለቃችን ዘመድ ይምጣ፣ የገዛ ጎረቤቷ ይምጣ፣ ጣቷን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ትቀስራለች።

ዘንድሮ አዲስ መመሪያ መጣ። ለመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ቢሮአችን የመጣን ሰው ሁሉ በመራጭነት መመዝገብ ይፈልግ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ጥያቄው ተጽፎ ተሰጥቶናል፤ መጨመርም መቀነስም የለም። «በመራጭነት መመዝገብ ይፈልጋሉ? መልስዎ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይዎን አይነካም።» አዎ ካለ ይሞላል፣ ይፈርማል፣ እኛ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ እንከታለን። ሳጥኑን የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ መኪና እየመጣ ይወስዳል።

አባቷ የመጡትም ያኔ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ሰው ናቸው፤ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ መጥተው እንደ ማንኛውም ሰው ሰልፍ ያዙ። ግድግዳውን ተደግፈው ሲቆሙ አንጀቴ አልችል አለኝና «ኧረ አስገቢያቸው፣ አባትሽ እኮ ናቸው!» አልኳት። ስፒሏ ቀጣዩን ባለተራ ጠራች። ተራቸው ደርሶ መስኮቷ ጋ ሲቆሙ የተጻፈውን ጥያቄ ልቅም አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩልሽ?» አሉና ሰልፈኛውን አሳቁት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ምርጫ በመጣ ቁጥር እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ ጭነት እኮ ምርጫ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ መርጬ አላውቅም። ጻፊኝ ልጄ።» አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ አጎንብሰው ፈረሙ።

የዓይን ምርመራውን ግን ወደቁ። ምርመራ የወደቀ ሰው ፋይል አለቃችን ክፍል ይገባል፤ የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መንጃ ፈቃዱ አንድ ቃል እንዳልተናገሩ ነግራናለች። ልጃቸው ከሥራ ስትገባ የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «ወረቀቴ ሄደ?»

«ከኔ መስኮት ወረቀት አይጠፋም፣ አባዬ» ትላቸዋለች።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ከምሳ በኋላ አንድ የታክሲ ሹፌር ወረፋውን ጥሶ መስኮቷን ደበደበ። «ስሜ የለም! ምርጫ ጽሕፈት ቤት ደውዬ የለህም አሉኝ! በዚች እጄ ፈርሜ ለማን ነው የሰጠሁት?»

«ለኔ ነዋ። አይጠፋም፤ ቆይ» ብላ ተነሣች። ሐኪም ማስረጃ ወይም ፎቶ የጎደላቸው ፋይሎች ከሚቀመጡበት መደርደሪያ የሱን ስባ አወጣችና እንዳሸነፈ ሰው ፊቱ ላይ ዘረጋችው። ከፋይሉ መጨረሻ የመራጭነት ወረቀቱ በአራት ስፒል ተይዞ አለ። «ይኸው! አልጠፋም አላልኩህም?»

ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። «አልጠፋማ። አልሄደም እንጂ! መልስህ መንጃ ፈቃድህን አይነካም ስትይኝ፣ መንጃ ፈቃዴስ መልሴን ይነካል ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ?»

ስፒሏ ክው አለች። እኔም ገባኝ። ፋይሉ ያልተሟላለትን ሰው የመራጭነት ወረቀት ሳጥን ውስጥ አልከተተችም ነበር። ብትን ወረቀት ይጠፋል ብላ ከፋይሉ ጋር አያይዛ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ አብሮ ይሄዳል ብላ አስቀምጣዋለች። ሳጥኗ ውስጥ የገባው ፋይሉ ያለቀለት ሰው ብቻ ነው። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነበር። የአባቷ ደግሞ አለቃችን ክፍል ተቆልፎበታል፤ አለቃችን ዋናው ቢሮ ስብሰባ ላይ ነው፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ።

መኪናው ከሥራ መውጫ በፊት ይመጣል።

ስፒሏ ለአለቃችን ደወለች። የአለቃችን ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «ፋይል ውሳኔ ሳያገኝ አይነጠልም! ደንቡን አንቺ ነሽ እንዴ የምታፈርሺው?»

«አለቃ፣ ይሄ የሰው ድምፅ ነው፣ የመንጃ ፈቃድ አይደለም። ዘበኛውን ልኬዋለሁ፣ ቁልፉን ይስጡት። ጥፋቱን በኔ ላይ ይጻፉት» አለችና ዘጋችው። በዚያ መስኮት ዘመኗን ሙሉ አለቃ ላይ ስልክ ስትዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ነቀላ ጀመርን። የተቀደደ ወረቀት ጽሕፈት ቤቱ አይቀበልም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ስፒል ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። ስፒል መንቀያው አንድ ነው። እሷ በሱ፣ እኔ በመቀስ ጫፍ፣ የአንደኛው መስኮት ልጅ በጥፍሯ። ስንቸኩል ወረቀቱ ይሰነጠቃል፣ ስንረጋ ሰዓቱ ይሮጣል። «ምነው አራት አራት መታሽው? ቤት ነው እንዴ የምትሠሪው!» እያልኩ እጮህባታለሁ፤ ነድጄ ነበር። ጣቷ ደምቶ ወረቀት እንዳይነካ በመሀረብ ጠቅልላዋለች። የታክሲ ሹፌሩ የራሱ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ሲገባ አይቶም አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ይጠብቅልን ነበር።

«መጣ!» ብሎ ጮኸ።

የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ መኪና ሹፌር አልወረደም። «አልጠብቅም። የጽሕፈት ቤቱ በር ሳይዘጋ ካልደረስኩ የናንተ ብቻ አይደለም፣ ከየቢሮው የሰበሰብኩት ሁሉ ይቀራል» አለ። ልክ ነው፤ ኋላው በሳጥን ሞልቷል።

የመደርደሪያው እንዳለቀ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ እያለከለከ ገባ። ሮጠን የአለቃን ክፍል ከፈትን። ፋይሎቹ ጠረጴዛው ላይ በመጡበት ቅደም ተከተል፣ የቀደመው ከላይ ሆኖ ተከምረዋል፤ ሁሉም ዓይናቸው የደከመ የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ናቸው። ሹፌሩ መኪናውን አዙሮ እስኪያቆም ብቻ እንደሚታገሠን ነግሮናል። ስፒሏ ከላይኛው ጀመረች። እኔ በጎን አጎንብሼ ሳይ የአባቷ ስም ከታች ወደ መጨረሻው ነው።

«የአባትሽን አውጪ! መጀመሪያ የሳቸውን!»

«ከሳቸው በፊት የመጡ አሉ» አለች፤ ቀና አላለችም።

«ሞኝ አትሁኚ! ማን ያይሻል?»

አንዱን ነቀለች፣ ሌላውን ነቀለች። ጥሩምባው ተነፋ። ደግሞ ተነፋ። የተነቀሉትን አፍሼ ሮጥኩ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ፣ ታሸገ፣ መኪናው ሄደ። ስመለስ የአባቷን ወረቀት ይዛ ቆማለች፤ አንዱ ጥግ ገና በስፒል ተይዟል።

«አብረሽኝ ነይ፤ ብቻዬን አልችልም» አለችኝ።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ፣ ከድሮ መኪናቸው የተፈታ የሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ባያየንም ኮቴዋን ያውቃሉ።

«ወረቀቴ ሄደ?»

«አልሄደም፣ አባዬ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምንም አልደበቀችም። ወረፋ ስለጠበቀች እንደቀረባቸው፣ እኔ እየጮህኩ እምቢ እንዳለችኝ ሳይቀር። መሪ የያዙ ይመስል ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ሰሟት።

«ከኔ በፊት የነበሩትስ?»

«ሄደዋል።»

«መንጃዬን የወሰደው ዓይኔ ነው፤ ይሁን» አሉ። «ይቺን ግን ዓይኔ አይደለም የወሰዳት።» ተነሥተው ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እንደ ድሮው አላናገሯትም። እሷም ስቴፕለሯን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት፤ እኛም ስፒሏ ብለን መጥራት ተውን።

የምርጫው ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ ዞር ስል አባትና ልጅ ከኋላዬ መጡ። ክንዷን ይዘዋል፤ ከሩቅ ላየ የምትመራቸው እሷ ናት፣ አንገታቸውን ላየ ግን የሚነዱት እሳቸው ናቸው። «ጉድጓድ ካለ ንገሪኝ፣ መታጠፊያውን እኔ አውቀዋለሁ» ሲሏት ሰማሁ። እሷ እያለቀሰች ነበር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብረው ተንቀሳቀሱ፤ ሰው እለፉ ቢላቸው አሻፈረኝ አሉ።

በሩ ላይ አስተናባሪው «አባባ፣ የመራጭነት ካርድዎን?» አላቸው።

«የለኝም» አሉ፤ ክንዷን ለቀቁላት። «ሹፌር ነኝ። ሰው ላደርስ ነው የመጣሁት።»

እሷ እስክትወጣ ድረስ ፀሐዩ ላይ ቆመው ጠበቋት።