ቀትር ላይ የተቀረጸች አበባ

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ትዘጋለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ በሩን ይገጥማል፣ ባጃጁ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፣ የሚቅመው ለመቃም የማይቅመው ለመተኛት ወደየቤቱ ይገባል። ከተማው እንደገና የሚነሳው ወደ አስር ሰዓት ገደማ ነው። እዚሁ ተወልጄ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ይህን ልማድ ግን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች "የዚህ ልጅ መቀመጫ እሾህ አለበት" ትል ነበር። ሰው ሁሉ ጋደም ባለበት ሰዓት እኔ የሆነ ነገር ስፈታ እገኛለሁ።

ሥራዬ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጥገና ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ በአንዲት አሮጊት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ከክፍሌ ፊት ለፊት ባለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ነፍሳቸው የወጣ ማሽኖች ደርድሬአለሁ። አከራዬን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አዮ እላታለሁ፤ እናቴ እንደማለት ነው። የባቡር ሠራተኛው አባቴ ትልቅ ሰውን አንቱ እንድል አድርጎ ነበር ያሳደገኝ፤ ግን ድሬ ላይ ሰውን አንቱ ሲሉት "ምን አጠፋሁ?" ይላል። ስለዚህ አዮንም አንቺ እላታለሁ።

ሲኤንሲ የሚሉትን ማሽን ልሥራ ብዬ ከተነሳሁ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን እየተከተለ፣ ፍሬዛ የሚባለውን የሚሽከረከር መቁረጫ በራሱ እያንቀሳቀሰ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ነው። ተሠርቶ የሚመጣውን መግዛት ለእኔ ቢጤ የሚታሰብ አይደለም። ዘንጎቹንና ሞተሮቹን ከሞቱት ፎቶ ኮፒዎች ሆድ አወጣሁ፤ ኩሽኔታውን ከቁራሌው መረጥኩ፤ እንጨቱ የሚታሰርበትን አልጋ ከተጣለ ቁም ሳጥን ሠራሁ። አዲስ የገዛሁት ሞተሮቹን የሚያዝዘውን ቦርድ ብቻ ነው፤ እሱንም ርካሹን። በአንድ ዳዶ መላላት የተነሳ ሁሉንም ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ሰፈርተኛው "ማሽንህ መቼ ነው የሚወልደው?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ እኔም ከመሳቅ ይልቅ እበሽቅ ነበር።

የግቢያችን በር ባለ ሁለት ተከፋች የዋንዛ በር ነው። በሁለቱም ላይ ቅጠሎቹ እየተጠማዘዙ እስከ ዳር የሚደርሱ አንዳንድ ትልቅ አበባ ነበረባቸው። የቀረጸው የአዮ ባል ነው፤ አናጢ ነበር፣ ካረፈ ቆይቷል። የግራውን አበባ ምስጥ በልቶት በእጅ ሲነኩት ይረግፍ ነበር። የቀኙ ደህና ነው፤ እሱ ከውስጥ በኩል በላሜራ ተለብጧል፤ ለምስጥ መከላከያ ይመስለኝ ነበር። የአዮ ልጅ በጅቡቲ መንገድ ላይ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንድ ቀን ሲያልፍ ጎራ ብሎ በሩን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና "ለአረፋ ኢድ የብረት በር ይገባል፤ ይሄን ማገዶ አድርጊው" አላት። አጠገባችን ላለው ብየዳ ቤት አዝዞም ሄደ። አዮ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በማግስቱ ከአልጋዋ ሥር በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ጣውላ አወጣች። ከበሩ ጋር ከአንድ ግንድ የተሰነጠቀ ዋንዛ ነው፤ ባሏ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው።

"ያ ማሽንህ አበባ ይሠራል?" አለችኝ።

"ይሠራል" አልኳት። እስከዚያ ቀን ማሽኔ የቀረጸው አንድ ክብ ብቻ ነበር፤ ክቡም እንቁላል ነበር የመሰለው።

"ጣውላው አንድ ነው። ሌላ የለም፣ ዋላሂ።"

የቀኙን አበባ ወረቀት ለጥፌበት በከሰል አሸሁት፤ ከዚያ ፎቶ አንስቼ ኮምፒውተር ላይ መስመር በመስመር ሳልኩት። ይህን ስጨርስ ኢድ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ችግሬ መብራቱ ነበር። ብየዳ ቤቱ ሥራ ላይ ሲሆን የሰፈሩ መብራት ይወርዳል፣ የእኔም ማሽን ይንተባተባል። የአዮ የብረት በር በተበየደ ቁጥር የእንጨቱ ይቆማል ማለት ነው። ንዴቴ ጫፍ ሲደርስ አንድ ነገር ታየኝ፦ ቀትር! በያጆቹም ከተማውም ተኝተው መብራቱ እንደ ልብ የሚሆንበት ሰዓት። ዕድሜዬን ሙሉ የናቅሁት ሰዓት በመጨረሻ ለእኔ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ።

ጣውላውን ማሽኑ ላይ ሳስር አዮ ወደ ጥላዋ ልትሄድ ምንጣፏን ይዛ ወጣች።

"አቦ ተው። ቀትር ላይ ጂኒ ነው የሚሠራው። ጋደም በል፣ ነገ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ትሠራለህ፤ ያኔም በያጆቹ የሉም።"

"ነገ ሩቅ ነው አዮ። አንቺ ተኚ።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አለች፤ ቀጥላም በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች። ስድብ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሰዓት የሕይወቴ ምርጥ ሰዓት ነበር። ፍሬዛው በራሱ እየሄደ፣ እየተመለሰ፣ እየወረደ አምስት ቅጠል አወጣ። እኔ መቆም አቅቶኝ ዙሪያውን እዞር ነበር። ከላይ የዳሱ ቆርቆሮ እሳት ይተፋል። ለቦርዱ ትንሽ ማራገቢያ አድርጌለታለሁ፤ በድሬ ቀትር ግን ማራገቢያ የሚያራግበው ያንኑ ሙቀት ነው። ስድስተኛው ቅጠል ላይ አንዱ ሞተር ግር ብሎ ቆመና እንደገና ቀጠለ። እንዲህ ያለ ማሽን የት እንዳለ አያይም፤ ርምጃውን ይቆጥራል እንጂ። ቦርዱ ግሎ ለቅጽበት ሲደነዝዝ ርምጃው ጠፋ፤ ማሽኑ ግን ያልሄደውን እንደሄደ ቆጥሮ ሥራውን ቀጠለ። እጄ ማጥፊያው ላይ ሲደርስ ፍሬዛው የአበባውን መሐል ሰንጥቆ ወደ ዳር ወጥቶ ነበር።

ቦርዱን ስነካው ጣቴን ፈጀኝ። ማሽኑን በመዶሻ ማድቀቅ አማረኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የተናደድኩት በራሴ ነው። አንዲት ቀትር መጠበቅ አቅቶኝ የሴትዮዋን አንድ ጣውላ በላሁት።

አዮ በጩኸቱ መሐል ተኝታ፣ ጸጥ ሲል ነቃች። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"አበላሸሁት" አልኳት።

ስንጥቁን ከመሐል እስከ ዳር በጣቷ ተከተለችው፤ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። መሳቋ አበሸቀኝ።

"ምን ያስቃል?"

"ገልብጠው" አለች። "ጣውላ ጀርባ የለውም እንዴ? ጠዋት ግን። ሀዬ፣ እሺ?"

ጣውላው ሁለት ጣት ውፍረት አለው፤ አበባውም ስንጥቁም ወደ ውስጥ ግማሽ ጣት እንኳ አይገቡም። ለእኔ ለባለሙያው ያልታየኝ ለሷ ወዲያው ታያት። እንዴት እንደታያት ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ቀትር እስከ ማግስቱ ንጋት የነበረውን ያህል ጊዜ ረዝሞብኝ አያውቅም። ጣውላውን ገልብጬ አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ አሰርኩ። በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ጀመርኩ፤ በያጆቹ ሲከፍቱ አቆምኩ። በየደቂቃው ቦርዱን በጣቴ እየነካሁ፣ ቀሪውን ቀን ግቢው ውስጥ ያለ ሥራ እየተንቆራጠጥኩ፣ በሦስት ጠዋት አለቀ። ምስጥ የበላውን አውጥቼ ጣውላውን በግራው ተከፋች ማዕቀፍ ውስጥ አስገባሁና ከአዮ ጋር ሁለቱንም ተከፋቾች በተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባናቸው፤ አዲሱና አሮጌው መልካቸው አንድ ሆነ።

የኢድ ዋዜማ ልጇ መጣ። መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ በሩ ፊት ቆመ። ቀኙን በእጁ ዳሰሰ፣ ግራውን ዳሰሰ፣ ወደ ቀኙ ተመለሰ።

"የትኛው ነው የአባቴ?" አለ።

አዮ አልነገረችውም። እሱም ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደና የብረቱ በር ለጓሮው እንዲሆን ተነጋግሮ መጣ። ከዚያ ቀትር ስለነበር ገብቶ ተኛ።

እኔ መተኛት ስለማይሆንልኝ ላሜራና ሚስማር ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። የተበላሸችው አበባዬ በውስጥ በኩል ወደ ግቢው ታያለች፤ እንደ ቀኙ በላሜራ ልሸፍናት ነው።

"ተወው" አለች አዮ ከምንጣፏ ላይ ሆና። "ይልቅ የቀኙንም ላሜራ ንቀለው።"

በጉጠት ነቀልኩት። ከላሜራው ሥር አበባ አለ። ከመሐሉ ተነስቶ እስከ ዳር ድረስ ረጅም የመሮ ቁስል ሰንጥቆታል።

"ባሌ ቀትር ላይ ነው የሠራው" አለች። "ላብ ዓይኑ ገባ፣ መሮው አመለጠው። ቁጭ በል ስለው መች ይሰማል! አፍሮ ሸፈነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም።"

ላሜራውን አነሳሁ። "ታዲያ መልሼ ልምታው?" አልኳት።

"የለም። ያማረው ለመንገደኛ ይሁን፤ ይሄ የኔ ነው።"

ምንጣፏን ከሁለቱ የተበላሹ አበቦች ፊት ለፊት አዞረችና ጫፉን በእጇ መታ መታ አደረገች። ላሜራውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩትና ተቀመጥኩ። ብዙ አልቆየሁም፤ ግን ተቀመጥኩ።