አንዲት «ይበል»

የድርሰት አሠልጣኜ የጻፍኩትን አንድም ቀን አንብበውልኝ አያውቁም። ይህን ስናገር ሰው ሐሜት ይመስለዋል። እኔ ግን እስካሁን እየሳቅኩ ነው የምናገረው።

ደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደምበጫ ገጠር ስላደግኩበት ቤት መጽሐፍ ጻፍኩ። ጨረስኩ ብዬ አስጠርዤ በብብቴ ይዤው መዞር ጀመርኩ። አንድ ባልደረባዬ አየኝና «እንዲህ ከምትሸከሚው ለሚያቃናልሽ ሰው ስጪው» ብሎ አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ጠቆመኝ። በወጣትነታቸው ዲማ ቅኔ ተምረዋል፣ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ኖረዋል፣ አሁን ደግሞ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ያሠለጥናሉ። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል።

ስኳር ገዝቼ ሄድኩ። ጥራዙን በሁለት እጄ ሳቀርብላቸው በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው መለሱልኝ።

«እሱን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ቆመሽ ንገሪኝ።»

ዓይናቸው የደከመ መስሎኝ አዘንኩ። ኋላ ሳይ ግን በአጥር ማዶ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በፊቱ ይለያሉ። ነገሩ ሌላ ነው። የቅኔ ተማሪ ያሰበውን በቃሉ ይዞ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሯቸው ሰምተው ያርማሉ። የኔታ ይህንኑ ለትዝታ ጽሑፍም አውለውታል። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ግቢያቸው ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ቆሜ አንድ ምዕራፍ እነግራለሁ፤ የረሳሁት ከመጽሐፉ ይወጣል።

መጀመሪያ የወጣው የጮቄ ተራራ ነው። ፀሐይ በጮቄ ላይ ስለመውጣቷ አራት ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር፤ ስጽፈውም አልቅሻለሁ። ቆሜ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳልኩ ፀሐይዋ እዚያው ቀረች።

«ከዚያስ?» አሉ።

«ጠፋኝ፣ የኔታ።»

«የጻፈችው ካላስታወሰችው ያነበበው ምን ዕዳ አለበት?»

አራቱ ገጽ በአንድ ትንፋሽ ሄደ። በባጃጅ ስመለስ ተናድጄ ነበር፤ አስፋልቱ ሳያልቅ ግን ሳቅ መጣብኝ። ለካ ያንን ተራራ ራሴም ታክቶኝ ኖሯል።

ከዚያ ማታለል ጀመርኩ። ምዕራፎቼን እንደ ዳዊት በቃሌ አጠናለሁ። ላብራቶሪ ውስጥ አሲድ እየቀዳሁ እለፈልፋለሁ፤ የባጃጁ ሾፌር ዞር ብሎ «ስልክ ላይ ነሽ?» ይለኛል። ሐሙስ ደርሶ ሳንበለብለው የኔታ መሀል ላይ ያቋርጡኛል። «ቆይ፣ በሩ ወደ የት ነበር የሚከፈተው?» በሩን ሳስብ ጥናቴ ይበተንና ከየት እንደምቀጥል ይጠፋኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነበርኩ።

እውነቱን ለመናገር ግን እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ አያውቅም። መጽሐፉ እየቀጠነ፣ እኔ እየወፈርኩ ሄድኩ። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ የምጠብቀው አንዲት ቃል ነበረች። ቅኔ ሲቀርብ የሰማ ሰው ደስ ሲለው «ይበል» ይላል። የኔታ «እህ» ይላሉ፣ «ቀጥዪ» ይላሉ፣ «ሻይሽ ቀዘቀዘ» ይላሉ። «ይበል» ግን ከአፋቸው አልወጣም። እኔም ይህችን ቃል ሳልሰማ መጽሐፉን ማተሚያ ቤት እንደማልወስድ ለራሴ ምዬ ነበር። የልጆች እናት፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ለአንዲት ቃል ልቤ እንደ ኮረዳ ይመታ ነበር።

ክረምት ላይ እናቴ ከገጠር ልትጠይቀኝ መጣች። ሐሙስ ስወጣ ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችኝ። «ልጄን በየሳምንቱ የሚያቆማት ሰው ማን እንደሆነ ልየው» አለች። ዝናብ ስለነበር የኔታ በረንዳ ላይ ሆንን። እነሱ ተቀመጡ፣ እኔ ቆምኩ።

የዕለቱ ምዕራፍ የፈረሱ ነበር። አባቴ አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። ይህ ፈረስ የነፍስ አባታችንን ከነጥምጥማቸው ወንዝ መሀል ጣላቸው። አባቴ ከኀፍረቱ የተነሣ ለማንም ሳይናገር ደምበጫ ገበያ ወስዶ ለነጋዴ ሸጠው። በዚያው ዕለት እናቴ በጎች ልትሸጥ ገበያ ወርዳ ነበር። ነጋዴው ፈረሱን አጥቦ፣ ጋማውን ከርክሞ፣ በቀይ ክር አስጊጦት ስታየው ወደደችውና የራሳችን መሆኑን ሳታውቅ ገዛችው። ቤት ሲደርስ ፈረሱ ማንም ሳይመራው ጋጣው ገብቶ በቦታው ቆመ። አባቴ አየው፣ አየው፣ «ጥሩ ፈረስ ነው፤ ቤቱን ቶሎ ለመደ» አለ። ቤታችን ይህ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የምንስቀው በእናቴ ነው።

የኔታ ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቃሏ ከንፈራቸው ላይ ደረሰች ስል እናቴ «ውሸት ነው» አለች።

«ምኑ፣ እማዬ?»

«በእጄ ያሳደግሁትን ፈረስ ቀይ ክር ያሳስተኛል? ያንን ስንጥቅ ጆሮውን ገና ከሩቅ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ገዛሽው?»

«አባትሽን አየሁታ። ከእህል ተራው ጀርባ ቆሞ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ፈረሱን አወቅሁት ብል፣ ለምን መልሼ እንደገዛሁት ይገባዋል፤ ሲያለቅስ ማየቴን ያውቅብኛል። እኔን ሞኝ ብትሉኝ ምን እሆናለሁ። አሁን ግን ጻፊው፤ እሱም አይሰማ።»

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ያን ሁሉ ዘመን ስንስቅባት አብራን ትስቅ የነበረችው እናቴ ዝናቡን እያየች ነጠላዋን ታስተካክላለች። የኔታ ወደ እሷ ዞሩና ዝግ ብለው «ይበል» አሉ።

ዓመት ሙሉ የቆምኩላት ቃል ቁጭ ብላ ላወራችው ሄደች። ቀናሁ፣ ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ሁሉም ባንድ ላይ።

«ለእሷስ፣ የኔታ?» አለች እናቴ። «እግሯ እስኪዝል ነው የቆመችው።»

«ትንገረኛ።»

እንደገና ጀመርኩ። ከገበያው፣ ከእህል ተራው ጀርባ፣ አባቴ ከቆመበት። ያጠናሁት አንድም ቃል አልነበረም፤ የጠፋኝም የለም። ስጨርስ የኔታ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ያሉትን ግን አልሰማሁም፤ እናቴ ቀድማቸው «ይበል» ብላ ነበር።