የቀረችው ዜሮ

ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲፏጭ እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይወርረኛል። ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራን ሥልጠና ነበረን። አዳራሹ የረጠበ ጃኬትና የጠመኔ ብናኝ ይሸታል። አሠልጣኙ በዕድሜ ከኔ የሚያንስ፣ ፈገግታ የማይለየው ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ አንዲት አጭር ጥያቄ ጻፈ፤ ኤክስ በራሱ ሲባዛ ከአምስት ኤክስ ጋር እኩል ነው፣ ታዲያ ኤክስ ስንት ነው? ከዚያ ከግራም ከቀኝም አንዳንድ ኤክስ በጠመኔው ጭረት አድርጎ ሰረዘና «አምስት» ብሎ አሰመረበት።

«እንዲህ ብሎ የሚያስተምር መምህር ገጥሟችሁ ያውቃል?»

አዳራሹ ሳቀ። ዜሮም መልስ እንደሆነች፣ ኤክስን ሲሰርዝ እሷን አብሮ እንደጣላት ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። በልጅነቴ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ በር ላይ እንደጋለው ፊቴ ጋለ። እንዲያ ብሎ ያስተምር የነበረው የእናቴ ወንድም ነበር።

ጋሼ እንድሪስ እኛው ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ይኖር ነበር። የቡናማ ኮቱ ኪስ ከጠመኔ ስብርባሪ ስለማይጸዳ እናቴ ባጠበችው ቁጥር ውሃው ነጭ እየሆነባት ታማርር ነበር። ያኔ ትምህርቱ በፕላዝማ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይንደቀደቃል፣ እኛ አፋችንን ከፍተን እናያለን። መብራት ሲጠፋ ግን፣ እኛ ከተማ ደግሞ መብራት መጥፋት ይወዳል፣ ክፍሉ የጋሼ ይሆናል። እጅጌውን ሰብስቦ፣ የእንጨት ማስመሪያውን እንደ ምርኩዝ ይዞ በአማርኛ ሲያስረዳ ያልገባው ሁሉ ይገባው ነበር። መምህርነት የሠለጠነው ለታችኛው ክፍል ነው፤ የሒሳብ ሰው ሲጠፋ ሁለተኛ ደረጃ አሻገሩት። ከሐይቅ እስከ አምባሰል ባለሱቁም፣ ነርሷም፣ ሾፌሩም «ቲቸር» ብለው ከመቀመጫቸው ይነሱለታል። ከጎኑ ስሄድ ደረቴን የምነፋው እኔ ነበርኩ።

አንድ ክረምት ፍራሹን ጠቅልሎ ደሴ ለሥልጠና ሄደና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። እራት ላይ እንደነገረን፣ መምህራኑ በየተራ እየወጡ እርስ በርስ ያስተምሩ ነበር። የሱ ተራ ሲደርስ ያችኑ ጥያቄ ወሰደ፤ ለዓመታት እንዳደረገው ኤክስን ሰረዘና አምስት አለ። ከኋላ አንዲት ወጣት መምህርት «ዜሮስ?» ብላ ጠየቀችው። ሌሎቹ ሳቁ።

«የቆጨኝ ሳቃቸው አይደለም» አለ። «ይሄን ስንቱን ልጅ አስተምሬዋለሁ?»

እናቴ እጇን ከትሪው መለሰች። «ወንድምዬ፣ አላህ የሸፈነውን አንተ ምን ገላጭ አረገህ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዝም በል።»

«የሸፈነው የኔን ገመና ነው። የልጆቹ ሐቅ ግን እኔ ዘንድ ቀርቷል።»

በኛ አገር ሰው ሐጅ ሊሄድ ሲል ወይም ሲታመም፣ ያስቀየመውንና ሐቁን የያዘበትን ሰው እየፈለገ «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ለድንበር፣ ለሐሜት፣ ለስድብ ነው ይሄ የሚሆነው። ለሒሳብ አፉ የጠየቀ ሰው ከጋሼ በፊት አልተሰማም።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ስመለስ መናኸሪያው በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ጋሼ አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ በጠመኔ ይጽፋል። ከፊቱ ባጃጁን ያቆመ የድሮ ተማሪው ግራ ተጋብቶ ቆሟል።

«ዜሮን አስገባትና እይ። እዚህም ዜሮ፣ እዚያም ዜሮ! ልክ ነበረች፤ ያስጣልኩህ እኔ ነኝ። አፉ በለኝ።»

«ኧረ ይነሱ በነቢ! ወላሂ ቲቸር፣ እኔ ጥያቄዋንም ረስቻታለሁ። አፉ ብያለሁ፣ አፉ!» ልጁ ክንዱን ይዞ ያነሳዋል፤ ተሳፋሪው ይስቃል። ጓደኞቼ ወደኔ ዞሩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱ ስም «ቲቸር ዜሮ» ሆነ፣ የኔም «የዜሮ ልጅ»።

እሱ ግን አልተወም። ሳዑዲ ለሄደው ተማሪው ሳይቀር በእናቴ ስልክ ደወለለት። «ቲቸር፣ እኔ እዚህ የምጠብቀው ግመል ነው» አለው ልጁ፤ ሳቁ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ሳቁን ሲጨርስ «አፉ ብያለሁ። ስላስታወሱኝ ደስ ብሎኛል» አለ።

አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ይዞኝ ሄደ። የሚጠብሰው ሙሄ የሚባል የድሮ ተማሪው ነበር። ጋሼ እንደ ልማዱ ጠመኔውን አውጥቶ አሳየው፤ ሙሄም ከምጣዱ ጎን ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ያቺ ጥያቄ ማትሪክ ላይ መጥታለች» አለ ዓይኑን ከዘይቱ ሳያነሳ። «አምስት ብቻ ብዬ ነው የወጣሁት። የወደቅኩትም ለትንሽ ነው። አከብርዎታለሁ ቲቸር። አፉ ግን አይወጣኝም።»

ጋሼ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። «ሐቅህ ነው» አለ። ዓሣውን ሳንበላ ተመለስን፤ እኔ ከኋላው ቀረት ብዬ ነበር የምሄደው። እስከዚያ ድረስ ሰው ስለሳቀበት ነበር የማፍረው። ያን ቀን ግን ሊስቅ እንኳ ያልፈለገ ሰው አይቼ፣ የጋሼ ሀፍረት ምን እንደሚመስል ገባኝ። ከዚያ በኋላ ጋሼ በዚያ ባለፈ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ይለዋል። ሙሄ ሰላምታውን ይመልሳል እንጂ ያችን ቃል አልተናገራትም።

ጋሼ ሲሞት እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ ለቀብሩ ደረስኩ። ጀናዛው ላይ ሼኹ «በዚህ ሰው ላይ ሐቅ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ። «አፉ ብለናል!» አለ ሕዝቡ። ዓይኔ ሙሄን ፈለገ። ከኋላ፣ የዓሣ ቅርፊት ያልለቀቀው ጃኬቱን እንደለበሰ ቆሟል። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም።

ይሄ ሁሉ ደሴ አዳራሽ ውስጥ መጣብኝ። አሠልጣኙ ሳቁ ሲበርድለት «ከመካከላችሁስ እንዲህ ያስተማረ አለ?» አለ። እጅ አልወጣም። ስለ ጋሼ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የሰዉን ሳቅ ፈርቼ መልሼ ዘጋሁት። አድጌም፣ መምህር ሆኜም፣ ያው የመናኸሪያው ልጅ ነኝ።

መስከረም ላይ ሐይቅ ተመልሼ ዘጠነኛ ክፍል ላስተምር ገባሁ። ያችን ጥያቄ ጻፍኩ። «አምስት!» ብሎ ክፍሉ ጮኸ። ከመስኮቱ ጥግ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ዜሮም አለች፣ ቲቸር።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብሰው፣ ሙሄ።»

«እሱስ ከማን ተማረ?»

«መጀመሪያ አሳስተው ያስተማሩት ሰውዬ ራሳቸው መጥተው ነው ያረሙለት።» ዝቅ ብላ ጠረጴዛዋን አየች። «“አፉ ሳልላቸው ሞቱብኝ” ይላል አባቴ። ጥያቄዋን ባስጠናኝ ቁጥር እንዲያ ይላል።»

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ከአምስት ጎን ዜሮን ጻፍኩ፤ ጠመኔው አፏጨ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር ዜሮ!» ብሎ ሲያሾክሹክ፣ ሌሎቹ ሲስቁ ሰማሁ። ስሙ እስከ ዛሬ አልሞተም።

ፊቴን ወደነሱ መለስኩ።

«አጎቴ ነበር» አልኳቸው።