ዶክተር ዜገር ያነበበው ብልቃጥ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህን ለማክቴልድ የነገራት ሰው የለም፤ እሷ ናት ለላይደን ከተማ ሰው ያስተማረችው። የሠዓሊው የባረንት ገረድ ነበረች፤ ቤታቸው ከእኔ የዓሣ መደብ ፊት ለፊት ነው። ክንዷ የወንድ፣ ምላሷ ምላጭ! እህቷ ፌይትየ ግን ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሱፍ ፈታይ ነበረች። ሁለቱም እኛው መንደር ነው ያደጉት።

የቦዩ ውሃ በረዶ በሠራበት ሰሞን ፌይትየ ሳል ጠናባትና ማክቴልድ ዶክተር ዜገርን ጠራችላት። አመጣጡን ባያችሁ! ጥቁር ካባ፣ አያቶቻችን የጣሉት ዓይነት የአንገት ልብስ፣ ትከሻ ነቅነቅ። የሽንቷን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አነሳና አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዓይኑ አየው። ከዚያ ከቀሚሷ ጥብጣብ ቆርጦ ከሰል ላይ ጣለና ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ። ልጅቷን አቅለሸለሻት። ሳንባዋን ለታመመች ልጅ ጭስ! ማንን አያቅለሸልሽ?

"በቃ፣ ታወቀ!" ብሎ ሳቀ። "የፍቅር ሕመም ነው። ፍቅርም ብቻ አይደል፣ አርግዛለች፤ ሁለት ነፍስ ናት። ቶሎ ዳሯት፣ ትድናለች።"

በሩ ክፍት ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ሰማ። እኔም ዓሣ እየመዘንኩ አወራሁት፤ አልዋሽም፣ አፈር ይብላኝ! እጮኛዋ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ይቅርብኝ ብሎ በእህቱ እጅ ላከባት። ፌይትየ ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት አልወጣችም። በረዶው ሳይቀልጥ ደም እየተፋች ሞተች። የገነዝናት ሴቶች ሆዷን አይተናል፤ ከጀርባዋ ተጣብቆ ነበር። ወሬው ግን አልሞተም።

ዜገር ከቀብሩ በኋላ ማክቴልድን መንገድ ላይ አግኝቷት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ምክሬን ሰምታችሁ ብትድሯት ኖሮ" አላት። እሷ ጥላው መንገዷን ቀጠለች። ማክቴልድ ዝም ካለች እኔ እፈራለሁ።

በበጋው ባረንት ጠራት። "ዶክተር በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ የሚያሳይ ሥዕል ሰው ይወዳል፤ ሳቅ ይፈልጋል። ነይ፣ በሽተኛዋን ሁኚልኝ።"

"እሆናለሁ ጌታዬ። ዶክተሩን ግን እኔ አመጣለሁ።"

ብልቃጥ ይዛ ወደ ቀለም ነካሪው ወደ ዮስት ሄደች፤ ሱፍ ቢጫ ከሚነክርበት በርሜል ቀድታ ተመለሰች። ትራስ ተደግፋ ወንበር ላይ ተዘረጋች። ባረንት ወረቀትና የመሣያ ከሰሉን ይዞ ከአልጋው መጋረጃ ኋላ ተደበቀ። እኔና ሦስት ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆምን።

ዜገር መጣ። ሰውዬው የሰው ፊት አያይም፤ ብልቃጡን አነሳ፣ አንዴ በቀኝ ዓይኑ፣ አንዴ በግራ።

"ሆ! ሦስት ወሯ ነው! ወንድ ነው!"

"እርግጠኛ ነዎት ዶክተር?"

"ሠላሳ ዓመት ሽንት ያየሁበት ዓይን ነው እኮ!"

ማክቴልድ ብድግ አለች። "እንግዲያው ይሂዱና ዮስትን እንኳን ማርያም ማረችህ ይበሉት። ያረገዘው የእሱ በርሜል ነው፤ ውሃውን አሁን ነው የቀዳሁት!"

እኛ በሳቅ ፈረስን። ዜገር ብልቃጡን እንደያዘ ኩም አለ፤ ባረንት ያንኑ መልክ፣ አፍንጫው ላይ ካለችው ኪንታሮት ጋር ወረቀቱ ላይ አስቀረው።

ሥዕሉ ሲያልቅ መጠጥ ቤት ተሰቀለ። ሥዕሉ ውስጥ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ግን ፌይትየ ነበረች፤ ማክቴልድ ናት የእህቴን ፊት ይሣሉልኝ ብላ የለመነችው። ከተማው ዶክተሩን "ቢጫው" አለው፤ ለበሽተኛ የሚጠራውም ጠፋ።

በወሩ፣ በገበያ ቀን፣ ዜገር ሥዕሉን ልግዛ ብሎ የባረንት በር ላይ መጣ። ባረንት "ሥዕሉ የእሷ ነው፣ እሷን ለምናት" አለው።

"በገንዘብ አይሸጥም" አለች ማክቴልድ። "እዚህ ገበያው መሃል ይቁሙና፣ ፌይትየ አላረገዘችም፣ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ይበሉ። ያን ጊዜ ይወስዱታል።"

አጉተመተመ።

"አልሰማሁም! እዚያ ያለው ዳቦ ጋጋሪም አልሰማም!"

ባርኔጣውን አወለቀና ያለችውን ጮኾ ተናገረ። ገበያው ጸጥ አለ። እጮኛ የነበረው ልጅ ቅርጫቱን መሬት አስቀምጦ አቀረቀረ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ግን እንባዬም መጣ፤ ያን ወሬ እኔም አውርቼዋለሁና።

ማክቴልድ ሥዕሉን ከመጠጥ ቤቱ አውርዳ ሰጠችው። ካባው ሥር ሸጉጦ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መጠጥ ቤቱ ዓሣ ላደርስ ስገባ፣ ሥዕሉ እዚያው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ባረንት ሁለት ነበር የሠራው። ሮጥኩ።

"ማክቴልድ፣ ቃልሽስ?"

ዕቃ ማጠቧን አላቋረጠችም። "አንዱን ሰጠሁት አይደል እንዴ፣ እትዬ ግሪት? እሱም ሁለት ነፍስ ናት ብሎኝ ነበር፤ የቀበርኩት አንድ ነው።"