የዓርብ ተማሪዎቼ

ካርቱም ውስጥ የእረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ እኛ ኢትዮጵያውያንም የምናመልከው ዓርብ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር ፍሪጅና ኤሲ ስጠግን እሰነብትና፣ ዓርብ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሳጃና ሰፈር ወደተከራየነው አዳራሽ እሄዳለሁ። አምልኮው አልቆ ሰው ሲበተን በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው። አገር ቤት ሳለሁ የማታ ተምሬ የጻፍኩትን ደብተር እየገለጥኩ ነበር የማስተምረው።

ስጀምር ሃያ ያህል ተማሪዎች ነበሩኝ። አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ከእጃቸው የበረኪና ሽታ አይጠፋም፤ አንዳንዷ ግድግዳውን ተደግፋ ታንቀላፋለች። እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆች ደግሞ አማርኛ ማንበብ አይችሉም። «ጽድቅ» ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። በዓረብኛ እንዳልፈታላቸው፣ እኔ የማውቀው ዓረብኛ የፍሪጅ ሞተርና የጋዝ ዓረብኛ ነው።

ከሁሉም የምትበልጥብኝ ከሶዶ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ኦምዱርማን ተቀጥራ ስለምትሠራ ድልድዩን ተሻግራ በሁለት አውቶቡስ ነው የምትመጣው። ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጥያቄዋ ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። አንድ ቀን ስለ ፈውስ ሳስተምር እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ጌታ አንዱን በሽተኛ ሲያስነሳው አጠገቡ ተኝተው የቀሩትስ ምን ብለው ይሆን?»

«እኔም አላውቅም» አልኳት።

«እንግዲያው አብረን እናስባለን» ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ «ነቢይ» የሚባል አንድ ሰባኪ መጣ። ለሁለት ሳምንት ተጋብዞ ሰባት ወር ቆየ። በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ማይክ ይዞ በወንበሮቹ መካከል ይመላለሳል። የአንዱን እናት ስም ይጠራል፤ ለሌላው «ቪዛህ ወጥቷል!» ይላል። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሞ ይሰማ ጀመር። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው፣ ፖሊስ ለከሻ፣ ለአፈሳ፣ በወጣ ቁጥር ከአልጋ ሥር የሚደበቅ ሰው «መንገድህ ተከፍቷል» ሲባል እንዴት አይጩኽ? መጀመሪያ ቀን እኔም አልቅሻለሁ።

እያደር ግን ትንቢቱ የትምህርቱን ሰዓት በላው። ከሃያው ተማሪ አምስት ቀሩ። ትንቢት መመርመር አለበት ብዬ ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱን ባነጋግር፣ ትከሻዬን ይዞ፣

«ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት አስተማርክ። ስንት ሰው አመጣህ? ተጠንቀቅ፣ ከእግዚአብሔር ሥራ ጋር እንዳትጋጭ» አለኝ። አፍሬ ወጣሁ።

በሳምንቱ ነቢዩ በሶዶዋ ልጅ ላይ ጣቱን ቀሰረ። «አንቺ! ባሕር አያለሁ! ጌታ ውኃው ላይ እጁን ዘርግቶልሻል፣ አትዘግዪ!» ሕዝቡ በእልልታ አዳራሹን አናወጠው። እሷ ግን እልል አላለችም።

ከአምልኮው በኋላ ወደ ጓሮዋ ክፍል ብቻዋን መጣች። ቁጭ ሳትል፣ «ጋሼ፣ ይሄ ከጌታ ነው?» አለችኝ።

አለመሆኑን አውቅ ነበር። ባሕሩን ለመሻገር በሊቢያ በኩል የወጡ ልጆች ምን እንደሚደርስባቸው ካርቱም ውስጥ የማይሰማ የለም። «አይደለም፣ እንዳትሄጂ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የሽማግሌው እጅ ግን ገና ከትከሻዬ ላይ ያልወረደ መሰለኝ። «የነቢዩ ተቃዋሚ» መባልን ፈራሁ።

«ጸልዪበት» አልኳት።

ሌላ ቃል እየጠበቀች ነበር። «እርስዎም ይጸልዩበት» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በሁለተኛው ዓርብ ቀረች። አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ፣ ከኦምዱርማን በፒካፕ ተጭና እንደሄደች ነገረችኝ። ከሊቢያ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለች አሉ። «ዘግተውብናል፣ ውኃ የለም፣ ንገሩልኝ» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም።

ነቢዩ ዘንድ ሄድኩ። «ልጅቷ ጠፍታለች» አልኩት።

ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል፣ «እምነቷ ጎድሎ ይሆናል» አለኝ።

አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌዎች መሬት መሬቱን አዩ። እኔም ወጥቼ ሄድኩ። ከወር በኋላ ነቢዩ ወደ ሌላ አገር ተሸኘ፤ ጉባኤውም እሱን በሚናፍቁና በሚያሙ ሰዎች ለሁለት ተከፈለ።

የልጅቷ እናት ቁጥሬን ከጓደኛዋ አግኝተው ከሶዶ ደወሉልኝ። «መምህሯ እርስዎ ነዎት? ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ታወራልኝ ነበር። ስትሄድ ምን አሏት?»

«ጸልዪ አልኳት።»

«ደግ አደረጉ። ልጄ መካሪ አላጣችም» አሉና አለቀሱ። ማስተባበል ነበረብኝ፤ «አይዞዎት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ትምህርቱን ለማቆየት ሞከርኩ። በቀጣዩ ዓርብ ሦስት ተማሪ መጣ፤ በሌላው አንድ። እሱም የመጣው አማርኛ ማንበብ ልማር ብሎ ነው። ጥቂት ፊደል አስቆጥሬው አሰናበትኩት፤ ከዚያ በኋላ የጓሮዋን ክፍል አልከፈትኩም። ዓርብ ዓርብ መሄዴን ግን አልተውኩም። ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ሰባኪው «አሁን እንጸልይ» ሲል እንደ ሰው ዓይኔን እጨፍናለሁ። የምለው ቃል አይመጣልኝም፤ ሰው «አሜን» እስኪል እጠብቃለሁ።